ስም ከማጽደቃችሁ በፊት ቃሉን በብዙ ቋንቋ ባንዴ ፈትሹት

ለመተግበሪያ፣ ለድርጅት ወይም ለቻናል ስም መርጣችኋል እንበል። ለጆሮ ያምራል። ግን ሌላ ቋንቋ ውስጥ ምን ማለት ይሆን? ቋንቋ እየቀያየሩ አንድ በአንድ መተርጎም አሰልቺ ነው።

አቋራጩ ይኸውላችሁ፦ ቃሉን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ የእንግሊዝኛው ዊክሽነሪ ላይ ፈልጉት። ይህ መዝገበ ቃላት ገጽ የሚከፍተው በቋንቋ ሳይሆን በአጻጻፍ ነው። አንድ ዓይነት የሚጻፉ ቃላት፣ ዝምድና ኖራቸውም አልኖራቸው፣ እዚያው ገጽ ላይ ይደረደራሉ። «ሃይ»ን በኤች፣ ኤ፣ አይ ብትጽፉ የጃፓንኛውን «አዎ» እና የቬትናምኛውን «ሁለት» አብረው ታገኟቸዋላችሁ። ገጹ አናት ላይ ያለችውን ተመሳሳይ አጻጻፎችን የምትጠቁም መስመር እንዳታልፏት። በትልቅ ፊደል የሚጀምረው የጀርመንኛው «ሃይ»፣ ማለትም ሻርክ፣ ያለው በእሷ በኩል ነው።

ጉዳዩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሚትሱቢሺ ፓጄሮን ስፔንኛ ተናጋሪ አገሮች ውስጥ «ሞንቴሮ» ብሎ የሸጠው፣ «ፓጄሮ» እዚያ ነውር የሆነ ስድብ ስለሆነ ነው።

ዘዴው የማይሠራበት ቦታም አለ። በራሳቸው ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች ብዙ ጊዜ ያመልጡታል። የጆርጂያኛው «ማማ» ትርጉሙ አባት ነው (አዎ፣ አባት!)፤ በላቲን ፊደል ብትፈልጉት ግን አይመጣላችሁም። ገበያችሁ እንዲህ ያለ ቋንቋ የሚነገርበት ከሆነ ስሙን ለአንድ ተናጋሪ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ፊቱን ብቻ እዩት።