የእንግሊዝ ገጠር የመሳፍንት ቤት ልታዩ ስትወጡ

በር ላይ እንደደረሳችሁ ወደ ቤቱ አትሩጡ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ብዙ ሰው ከመኪናው ወርዶ፣ ትኬቱን ቆርጦ፣ በቀጥታ ወደ ትልቁ ቤት ይገባል። ሃያ ክፍል ሙሉ ወርቅ ቅብ ወንበርና ዊግ ያጠለቁ ሰዎች ሥዕል አይቶ ሲወጣ ጉልበቱ አልቋል፣ ልጆቹ ርቧቸው ይነጫነጫሉ፣ መስኩን የሚያይበት ልብ የለውም። ደግሞም ብዙ ቦታ ግቢው በጠዋት ቢከፈትም ቤቱ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት፣ በእነሱ 11 መሆኑ ነው፣ ዝግ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ መስኩን በእግራችሁ ዙሩ።

ስትዞሩ የተደበቀውን ፈልጉ። ከቤቱ ፊት ቆማችሁ ወደ ሩቅ ተመልከቱ። ሣሩ ከእግራችሁ ሥር ተነሥቶ ላሞቹ እስከሚግጡበት ድረስ አንድ ወጥ ነው፣ አጥር የሚባል ነገር አይታይም። ታዲያ ላሞቹ መጥተው አበባውን ለምን አይበሉትም? ትንሽ ወደፊት ስትሄዱ መልሱን ታገኙታላችሁ፤ ቦይ አለ። በቤቱ በኩል ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ፣ በመስኩ በኩል ደግሞ ቀስ እያለ የሚወርድ ሣር ነው። ከሳሎኑ መስኮት ሲታይ ምንም የለም። ስሙ «ሃሃ» ይባላል፣ እየቀለድኩ አይደለም። እኛ አገር ባለጸጋ አጥሩን ከፍ አድርጎ፣ ጫፉ ላይ ጠርሙስ ስባሪ ሰክቶ ያሳያል። እነዚህ ቀበሩት። ልጆች ካሏችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ግንቡ ከአንድ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሮጦ የሚመጣ ልጅ ደግሞ ጫፉ ላይ ካልደረሰ አያየውም።

መስኩ ራሱም የእግዜር ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ላንስሎት ብራውን የሚባል ሰው ነበር (1716–1783፣ ዓመቶቹንም ወራቱንም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ «ኬፓቢሊቲ» እያሉ የሚጠሩት፣ ሥራው ኮረብታ መቅረጽ፣ ዛፍ ማዛወርና ወንዝ መገደብ ነበር። ዊንስተን ቸርችል በተወለደበት በብሌንየም ቤተ መንግሥት ያ ሁሉ ውኃ የመጣው እሱ ትንሿን የግላይም ወንዝ በመገደቡ ነው። ዊልትሸር ውስጥ ያለውን ስቱርሄድን ደግሞ ሄንሪ ሆር የተባለ የባንክ ባለቤት ከ1740ዎቹ ጀምሮ ነው የሠራው፤ ሸለቆውን በውኃ ሞልቶ ዙሪያውን የሮም ዓይነት ቤተ መቅደሶች ተከለበት። እዚያ ከሄዳችሁ ሐይቁን በግራችሁ አድርጋችሁ ዙሩ። በዚያ አቅጣጫ እንዲታይ ነው የታሰበው፤ ዋሻው፣ ፓንቴዮን የሚሉት ቤተ መቅደስ፣ ድልድዩ በተራ በተራ ብቅ ይላሉ።

አንዳንዴ የተደበቀው መንደር ነው። ደርቢሸር ውስጥ ቻትስዎርዝ የሚባል ትልቅ ርስት አለ። ኤደንሰር የምትባለዋ መንደር ከቤቱ መስኮት ስለምትታይ፣ የርስቱ ጌታ የነበረው ስድስተኛው የዴቨንሸር ዱክ በ1830ዎቹና 40ዎቹ የሚታየውን ክፍሏን አስፈርሶ ከዕይታ ውጭ እንደገና አሠራት። አሁን የፖስት ካርድ መንደር ናት። የቻትስዎርዝን መስክ በእግር ለመዞር ትኬት አያስፈልግም፤ የሚከፈለው ለቤቱ፣ ለአትክልቱና ለመኪና ማቆሚያው ነው። ብር ለመቆጠብ ይህን ዓይነት ቦታ ምረጡ። በእንግሊዝ የሕዝብ የእግር መንገድ በግል መሬት ውስጥ ሳይቀር ያልፋል፤ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የመንግሥት ካርታ ድርጅት በሚያወጣው «ኤክስፕሎረር» ካርታ ላይ አረንጓዴ የተቆራረጠ መስመር ሆኖ ታገኙታላችሁ። በሩን ዝግ ካገኛችሁት ዝጉት፣ ክፍት ካገኛችሁት ተዉት።

አሁን ወደ ቤቱ ግቡ። መጀመሪያ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ትላላችሁ። አልጠፋም፤ ብርሃን ሐሩንና ምንጣፉን ስለሚያደበዝዝ መጋረጃውን ዝቅ ያደርጉታል። ፍላሽ አይፈቀድም፣ የጀርባ ቦርሳ ወደ ፊት ይዞራል ወይም በር ላይ ይቀራል። ወንበር ላይ የጥድ ፍሬ ወይም እሾህ ያለው ደረቅ አበባ ካያችሁ «አትቀመጡ» ማለት ነው፣ በጨዋ ደንብ። በየክፍሉ የቆሙት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አብዛኛዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሰው እንዲጠይቃቸው ይጓጓሉ። ስለ ሥዕሉ አትጠይቁ፣ እሱ ተጽፏል። እሳቱን ማን ነበር የሚያነደው? የሌሊቱን ፖፖ ማን፣ በየት በኩል ነበር የሚያወጣው? ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ፈገግ ብለው ግድግዳ የመሰለውን ነገር ያሳዩአችኋል፤ በር ነው፣ እንደ ግድግዳው ወረቀት ተለብጦ እንዳይታይ የተደረገ። ከኋላው የአገልጋዮች ጠባብ ደረጃ አለ። አጥሩን እንደቀበሩት ሠራተኛውንም እንደዚሁ።

ኩሽናውን ሳታዩ አትውጡ፣ ለኔ ከሳሎኑ ይበልጣል። ሽታውና እሳቱ እንዳይደርስ ብለው ከምግብ አዳራሹ አርቀው ስለሚሠሩት፣ ያ ሁሉ ክብር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚበላው የቀዘቀዘ ነበር።

ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም። ሊድስ አጠገብ ያለው ሄርውድ ቤት ግንባታው በ1759 ሲጀመር፣ የላሴልስ ቤተሰብ ሀብቱን ያፈራው ከካሪቢያን ስኳርና ከባርነት ንግድ ነው። ቤቱ ራሱ ይህን አይሸሽግም፣ ለጎብኚ ይናገራል። ሌሎቹ ዘንድ እየፈለጋችሁ ማንበብ ነው።

ስለ አባልነት ካርድ ላውራ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቶቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው በ1895 የተመሠረተው ናሽናል ትረስት የሚባለው ቅርስ ጠባቂ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ አባል ከሆናችሁ መግቢያና የትረስቱ ፓርኪንግ ነጻ ነው። ሁለተኛው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባል ሌላ ቅርስ ጠባቂ ድርጅት ነው፣ ከ400 በላይ ቦታዎች አሉት። ሦስተኛዎቹ ራሳቸውን ችለው የሚተዳደሩት ናቸው፣ ቻትስዎርዝና ብሌንየም እዚህ ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ባለቤቶቹ ዛሬም ይኖራሉ። የአንዱ ካርድ በአብዛኛው ሌላው ዘንድ አይሠራም። በር ላይ ደግሞ «ጊፍት ኤይድ» የሚባል ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ይነግሯችኋል። እንግሊዝ ውስጥ ግብር ከፋይ ከሆናችሁ ድርጅቱ ተጨማሪ ገንዘብ ከመንግሥት ያገኝበታል፤ ካልሆናችሁ «አይ፣ መደበኛውን» በሉ፣ ማንም አይቀየማችሁም። በነጻ ማየት ከፈለጋችሁ መስከረም ላይ ሄሪቴጅ ኦፕን ዴይስ የሚባሉ ቀናት አሉ። ከ1927 ጀምሮ ደግሞ ናሽናል ጋርደን ስኪም የሚባል ነገር አለ፤ ተራ ሰዎች የጓሯቸውን አትክልት ለበጎ አድራጎት ይከፍታሉ፣ ጥቂት ከፍላችሁ ገብታችሁ ቤት የተጋገረ ኬክ በሻይ ትበላላችሁ። ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ይህን የምትወድ እናት አውቃለሁ።

ወራቱን በአጭሩ፦ ሰማያዊዋ ብሉቤል ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ጫካውን ትሸፍናለች፣ ጽጌረዳው ሰኔ ነው፣ ቅጠሉ የሚቀላው ጥቅምት ላይ። ክረምታቸው ሲገባ ብዙ ቤት ለጽዳትና ለጥገና ይዘጋል፣ መስኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው።

መኪና ከሌላችሁ ከባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስበትን ምረጡ። ከለንደን ብሪጅ ሰቨንኦክስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከጣቢያው በእግር ኖል ከሚባለው ትልቅ ቤት ትደርሳላችሁ፣ አጋዘኖቹ መስኩን ሞልተውት ታገኛላችሁ። አታብሏቸው፣ ሃምሳ ሜትር ያህል ራቁ፣ በተለይ ጥቅምት ላይ ወንዶቹ ሲጣሉ። እኛ አንድ እሑድ ሦስት ሆነን ሌላ ቦታ ለመሄድ ወጣን። ከጣቢያው አውቶቡስ እንይዛለን ብለን ነበር፣ አውቶቡሱ ግን እሑድ አይሠራም። ታክሲ የለም፣ ስልኩ ኔትወርክ የለውም፣ መንገዱ የእግረኛ ጠርዝ የለውም። አምስት ኪሎ ሜትር በቁጥቋጦው ጥግ ተጠግተን ሄደን ስንደርስ የመጨረሻው መግቢያ ሰዓት አልፏል። በሩን አይተን ተመለስን። የመመለሻውን አውቶቡስም ሳትወጡ እዩት።

ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። መስኩ ላይ ዘርግቶ መብላት ይቻላል፣ ቤቱ ውስጥ አይቻልም። ጀበናውንና ከሰሉን ግን እርሱት፣ እሳት በአብዛኛው ክልክል ነው። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ።

ለእኛ የሚቀርቡ ሁለት ቤቶች አሉ። ዋይት ደሴት ላይ ያለው ኦስቦርን ቤት የንግሥት ቪክቶሪያ ነበር፤ ከመቅደላ በኋላ በ1868 የቴዎድሮስን ልጅ፣ የሰባት ዓመቱን አለማየሁን፣ የተቀበለችው እዚያ ነው። ከሳውዝሃምፕተን ኢስት ካውስ በመርከብ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ገብታችሁ ስለ ልጁ ጠይቁ። ሁለተኛው ባዝ ከተማ ያለው ፌርፊልድ ሃውስ ነው፣ ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት፣ በ1958 ለከተማው አረጋውያን ብለው የሰጡት። የሚከፈትበት ቀን የተወሰነ ስለሆነ ሳታረጋግጡ አትሂዱ። ያን ቀን እዚያው ባዝ ፕራየር ፓርክንም ማየት ትችላላችሁ፤ የሐይቁ ድልድይ ብቻውን ይበቃል። የመኪና ማቆሚያ ግን የለውም፣ በአውቶቡስ ወይም በእግር ነው።

ጫማ ነገር፦ በበጋም ቢሆን ጭቃ አለ። ቦት ጫማ አድርጉ፣ ሌላ ጫማ መኪና ውስጥ አስቀምጡ፣ ለጭቃው አንድ ትልቅ ፌስታል። ቤቱ ውስጥ በጭቃ እግር ከገባችሁ ያቺ ቅድም ፈገግ ያለችው አሮጊት ፊቷን ታጠቁረዋለች።