ፒካፓችሁ ተሳቢ ሲጎትት ስንት ኩንታል ይቀረዋል?

በሬ ይጎትታል፣ አህያ ትሸከማለች። ጎጃም ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ፒካፕ ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱን እናምታታለን። "ይህች መኪና 3 ቶን ትጎትታለች" ሲባል 3 ቶን የምትሸከም ይመስለናል። ሂሳባቸው ለየብቻ ነው። ተሳቢ የተቀጠለባት ፒካፕ ደግሞ በሬም አህያም ናት፤ ቀድሞ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ የአህያዋ ድርሻ ነው።

እኔ የተማርኩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን የእህል መውቂያ ማሽን በተሳቢ ስወስድ ነው። መሽቷል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ መብራት ብልጭ ያደርግብኛል። ሉማሜ ላይ ሻይ ልጠጣ ስቆም አንድ የአይሱዙ ሾፌር መጣና "ወንድሜ፣ መብራትህን አውርደው እንጂ" አለኝ። "አውርጄዋለሁ እኮ" አልኩት። ዞሮ ኋላዋን አየና ሳቀ። "መኪናህ ቁጢጥ ብላለች። መብራቱ ሰማይ ነው የሚያየው።"

እንግዲህ ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንደኛው መኪናዋ ከነጭነቷ እንዳታልፈው የተወሰነላት ክብደት ነው። የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈኑ ስር ባለች ትንሽ ሳህን ላይ ይገኛል። ብዙ መኪኖች ላይ አራት ቁጥር ተደርድሮ ታያላችሁ፦ የመኪናዋ ጠቅላላ፣ ከነተሳቢው ጠቅላላ፣ የፊት አክስል፣ የኋላ አክስል። ሁለተኛው የምትፈልጉት ባዶ ክብደቷን ነው። የመኪና ሚዛን ካገኛችሁ ነዳጅ ሞልታችሁ አስመዝኗት፤ ከወረቀት ይልቅ እሱን እመኑ።

አሁን ቀንሱ። ጠቅላላው 2,900 ኪሎ፣ ባዶዋ በወረቀቱ 2,000 ኪሎ ነው እንበል። 900 ኪሎ ቀረ፣ 9 ኩንታል። ደስ ይላል። ግን ጋቢናው ውስጥ አምስት ሰው አለ፤ በ75 ኪሎ ስናስበው 375። 525 ቀረ። በኋላ ያስገጠማችሁት የብረት መከላከያና የካሶኒው ክዳን 65 ኪሎ ቢሆን፣ 460። ተሳቢው ገና አልተቆጠረም!

ተሳቢው ክብደቱን ሁሉ በራሱ ጎማ አይችልም። ከፊሉ መንጠቆው ላይ ያርፋል፣ መንጠቆውን የምትሸከመው ደግሞ ፒካፗ ናት። በፒካፕ የሚጎተት ተሳቢ በደንብ ሲጫን ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ይወድቃል። ከነጭነቱ 1,500 ኪሎ ከሆነ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ማለት ነው። 200 እንያዝ። ካሶኒው ላይ የሚጫነው 260 ኪሎ ብቻ ቀረ። 9 ኩንታል ያልነው ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ ማዳበሪያ ድንች ሆነ።

ግምት ካልጣማችሁ መዝኑት። የእህል ነጋዴ ባስኩላ ይበቃል። ሜዳ ቦታ ላይ የተጫነውን ተሳቢ ጎማውን በድንጋይ አግዱ። ባስኩላው ላይ ጠንካራ ጉማጅ አቁሙና የተሳቢውን አፍ፣ ማለትም መንጠቆው ላይ የሚታሰረውን ጫፍ፣ በላዩ አሳርፉ። ከፍታው ፒካፗ ላይ ሲታሰር ከሚኖረው ጋር እኩል ይሁን፤ ተሳቢው ካዘነበለ ቁጥሩ ያታልላል። የጉማጁን ክብደት መቀነስም አትርሱ። ከበዛ ጭነቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉ። እኔ ሉማሜ ላይ መውቂያውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሳስገፋው የፒካፗ አፍንጫ ወረደ። ከ10 በመቶ በታች ግን እንዳታወርዱት። ኋላው የከበደ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ያ ከቁጢጡ ይብሳል።

ሸክሙ የሚያርፈው በአብዛኛው የኋላ አክስል ላይ ስለሆነ ጎማውንም እዩ። ጎኑ ላይ 112 የሚል ቁጥር ካለ፣ ነፋሱ በልክ ሲሞላ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ደግሞ የብዙ ፒካፖች ገደብ 750 ኪሎ ነው፤ መመሪያውን አንብቡ።

"ባሌስትራ ጨምርበት፣ ይችላል" የሚላችሁ አይጠፋም። ባሌስትራ ቁጢጡን ይደብቃል እንጂ ፍሬኑን፣ ጎማውንና አክስሉን አያጠነክርም። ሳህኗ ላይ ያለው ቁጥርም አይቀየርም። ለእኔ ይህ ከምንም በላይ አደገኛው ምክር ነው፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ስለቆመች ብቻ ቀለል ያለች ይመስላችኋል።

ሂሳቡ የሚፈተነው ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፣ ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንሱ። ፍሬን ላይ እግር አታስተኙ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ ካያችሁ አስቁሙት፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ሊሰነጠቅ ይችላል።