ከጅማ ሆኖ ጎህ ሳይቀድ ሰማይን ፎቶ ማንሳት

ለዚህ ሥራ ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ዝናቡ ያባራል፣ ሰማዩ ይጠራል። በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12፡50 ገደማ ነው። ሰማዩ መንጣት የሚጀምረው ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቀድሞ ነው። ሰዓት ባይዙም የሱብሂ አዛን ይነግርዎታል፤ ጊዜው የሚቀመረው በዚያው የመጀመሪያ ጭላንጭል ነውና። ሥራውንም በዚሁ ይክፈሉት፦ ከአዛን በፊት ከዋክብት፣ ከአዛን በኋላ ፕላኔቶችና ጨረቃ። በጨረቃ የጀመረ ሰው ወደ ከዋክብት ሲዞር ጨለማው አልፎበታል።

ከቦዬ ይልቅ ጂሬን ይሻላል። ቦዬ ረግረግ ስለሆነ ሌሊት ጉም ይተኛበታል፤ ጂሬን ከፍታ ላይ ነው። ከተማዋን ከጀርባ አድርገው ወደ ምሥራቅ ይቁሙ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በፎቶው እንዲገባ ከፈለጉ ጥበቃዎቹን ቀን ሄደው ያነጋግሩ። ጅብ ስላለ ብቻዎን አይውጡ።

አብዛኛው ፎቶ የሚበላሸው በፎከስ ነው። አውቶፎከስ በጨለማ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል፤ ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ይቀይሩት። የሌንሱን የፎከስ ቀለበት እስከ መጨረሻው ማዞርም አያዋጣም፤ ብዙ ሌንሶች ከትክክለኛው ነጥብ ትንሽ አልፈው ይሄዳሉ። ላይቭ ቪው (ምስሉን በቀጥታ በካሜራው ስክሪን ላይ የሚያሳየውን) ይክፈቱ፣ ደማቅ ኮከብ መሃል ያስገቡ፣ ስክሪኑ ላይ 10 እጥፍ ያጉሉት፣ ኮከቡ በጣም ትንሿ ነጥብ እስኪሆን ቀለበቱን በቀስታ ያዙሩ። ከዚያ በፕላስተር ያሽጉት። ዙሙን ከነኩ እንደገና መጀመር አለብዎት። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ሲሆን የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉ፤ ካሜራው በጣትዎ እንዳይነቃነቅ ሰልፍ ታይመር (ቆጥሮ በራሱ የሚያነሳውን) ይጠቀሙ። ለረጅም ሌንስ 2 ሰከንድ አይበቃም፣ 10 ያድርጉት።

ለከዋክብት በ18 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 3.5፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 እና 10 ሰከንድ ይጀምሩ፤ ፎቶውን ራው (RAW) በሚባለው ጥሬ ፋይል ያስቀምጡ። ከዋክብት ሰረዝ ሳይሆኑ ስንት ሰከንድ እንደሚቻል ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ርዝመት (በሚሊ ሜትር) ማካፈል የሚባለው የታወቀ ስሌት፣ አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ላለው ካሜራ ሲስተካከል፣ 18 ሰከንድ ያህል ይሰጣል። ለእኛ ይበዛል። ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳ ስለማንርቅ ከምሥራቅ እስከ አናታችን ያሉት ከዋክብት ከሁሉም ፈጥነው የሚጓዙት ናቸው፤ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ሰረዝ ይሆናሉ። ወደ ደቡብ ሲዞሩ ነገሩ ይለወጣል። በጥር አጋማሽ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የደቡብ መስቀል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከአድማስ ሁለት ጡጫ ከፍ ብሎ (ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ነው)። የእነዚህ ጉዞ ግማሽ ያህል ስለሚዘገይ 20 ሰከንድ ይችላሉ። ይህን የመሰለ እይታ ለአውሮፓ ሰዎች አልተሰጠም፤ እንዳያልፍዎት።

ጁፒተር በንጋት ሰማይ ላይ ባለበት ወቅት 250 ወይም 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎቹን ያሳያል፦ አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 5.6፣ ሩብ ሰከንድ። ከአድማስ ሦስት ጡጫ እስኪርቅ ይጠብቁ፤ ዝቅ ሲል ወፍራሙ አየር ያንቀጠቅጠዋል። የሳተርን ቀለበት ቴሌስኮፕ ይፈልጋል።

ቀጭኗ ጨረቃ ጎህ ሳይቀድ የምትገኘው በሂጅሪ ወር ከ26 እስከ 28 ባሉት ቀናት ነው። በእኛ ሰማይ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ታንኳ ትጋደማለች። ካሜራው በራሱ ከለካ ጥቁሩን ሰማይ ለማንጣት ሲል እሷን ነጭ ጠብታ ያደርጋታል። በማንዋል አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 8፣ የሰከንድ አንድ መቶኛ ይሞክሩ። ከምድር በሚንጸባረቅ ብርሃን ደብዘዝ ብሎ የሚታየውን ጨለማ ጎኗን ከፈለጉ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 5.6፣ 1 ሰከንድ፤ ያን ጊዜ ብሩሁ ጠርዝ ይቃጠላል። ሁለቱን በአንድ ፎቶ መያዝ ስለማይቻል ለየብቻ ያንሱ፣ ፀሐይ ልትወጣ 45 ደቂቃ ሲቀራት። አጥቢያ ኮከብም በወቅቷ ከሆነች አብራ ትገባለች።

የጅማ ሌሊት እርጥብ ነው፣ ጤዛ ሌንሱን በግማሽ ሰዓት ሊሸፍነው ይችላል። የሌንስ ኮፍያ ያድርጉ፣ በፎቶዎች መካከል ሌንሱን ወደ መሬት ያዘንብሉት፣ በየ10 ደቂቃው በባትሪ ይፈትሹት። ቤት ሲገቡም ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ለአንድ ሰዓት ይተዉት፤ ቀዝቃዛ መስታወት የክፍሉን ሙቅ አየር ሲያገኝ ውስጡ ድረስ ያልበዋል።