ገመዱ ሲረዝም ካሜራው ከጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ውስጥ ስቱዲዮ ይዘን የምንሠራ ሰዎች ካሜራውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተን ማንሳት ከጀመርን ወዲህ ሥራው ቀሎናል። ሙሽራዋ ሻሿ መዛነፉን እዚያው ታያለች። የተጨፈነ ዓይን ወዲያው ይታወቃል። ጣጣው የሚመጣው ላፕቶፑን ለቤተሰቡ ራቅ አድርገን ልናስቀምጥ ገመድ ስንቀጥል ነው። ካሜራው ከላፕቶፑ ላይ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ከዚያ ካሜራው ተበላሽቷል ተብሎ ጥገና ቤት ይሄዳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ካሜራው ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም።

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። መቀጠያውን ሁሉ አውጡና ካሜራውን በአጭር ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ሠላሳ ያህል ፎቶ አንሱ። ሳይቆራረጥ ከሠራ ጥፋቱ የመቀጠያው ነው። በአጭሩም ካስቸገረ ግን አዲስ ገመድ መግዛት ብር መጣል ነው።

በአጭር ገመድም ካሜራው አይታይም

መጀመሪያ የካሜራውን ዋይፋይ ተመልከቱ። ብዙ የካኖን ካሜራዎች ዋይፋያቸው በርቶ ከሆነ በዩኤስቢ አይገናኙም። አጥፉትና ድጋሚ ሞክሩ። ቀጥሎ ሁለት ፕሮግራም አብሮ አለመከፈቱን አረጋግጡ። የካኖን የራሱ ፕሮግራም ኢኦኤስ ዩቲሊቲ ካሜራውን ከያዘው፣ የፎቶ ማስተካከያው ላይትሩም አያገኘውም። ሦስተኛው ገመዱ ራሱ ነው። ገበያ ላይ ለስልክ ከሚሸጡት ገመዶች አንዳንዶቹ ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፤ ዳታ የሚያልፍበት ሽቦ ውስጣቸው የለም።

በአጭሩ ይታያል፣ በረጅሙ ጭራሽ የለም

ይሄ የርዝመት ጉዳይ ነው። የቆየው ዓይነት፣ ዩኤስቢ 2.0፣ በአንድ ገመድ ከ5 ሜትር እንዳያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ኮምፒውተሩ መልእክት ልኮ መልሱን የሚጠብቀው በጣም ለአጭር ጊዜ ነው፤ መልሱ ከዘገየ ካሜራው የለም ብሎ ይቆጥረዋል። ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ ፈጣን ስለሆነ ሲግናሉ ገመዱ ውስጥ ቶሎ ይደክማል። በተግባር ከ3 ሜትር በላይ አትመኑት።

ተራውን መቀጠያ ለዚህ አትግዙ። ርዝመት ይጨምራል እንጂ ሲግናሉን አያግዝም፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የሚያስፈልጋችሁ አክቲቭ የሚባለው መቀጠያ ነው። ጫፉ ላይ ወፈር ያለች ቁራጭ አለች። ውስጧ ያለችው ቺፕ ሲግናሉን ተቀብላ አድሳ ታሳልፋለች። ስትገዙ ዩኤስቢ 2.0 ይሁን 3.0 ጠይቁ።

ይሠራል፣ መሃል ላይ ግን ይቋረጣል

በጣም የሚያስመርረው ይሄኛው ነው፤ ደንበኛ ፊት ነዋ የሚሆነው። አንድ ቀን የቤተሰብ ፎቶ እያነሳሁ ላፕቶፑ ያችን ወደታች የምትወርድ ድምፅ አሰማ። ዊንዶውስ ዕቃ ሲነቀል የሚያሰማት ናት። የሙሽራው አክስት ስክሪኑን እያዩ፣ «ልጄ፣ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። «አብሽሩ እትዬ፣ አሁን ይመጣል» አልኩ። አልመጣም። ሁለቱን አክቲቭ መቀጠያዎች የሚያገናኘውን መጋጠሚያ በጣቴ ነካ ሳደርገው መጣ፣ ስለቀው ሄደ።

አንደኛው ምክንያት ይኸው መጋጠሚያ ነው። ከሁለት መጋጠሚያ በላይ አይኑራችሁ። ያሉትንም ግጥም አድርጋችሁ በናስትሮ ጠቅልሏቸው።

ሁለተኛው ኃይል ነው። የላፕቶፑ ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ነው። እያንዳንዱ አክቲቭ መቀጠያ ከዚያው ላይ ይቀንሳል፣ ቀጭን ረጅም ሽቦም ቮልቴጁን ያወርደዋል። መፍትሄው የራሱ ቻርጀር ያለው ሃብ (አንዱን የዩኤስቢ መሰኪያ ብዙ የሚያደርግ ሳጥን) መሃል ላይ ማስገባት ነው። ወይም ለብቻው ኃይል የሚቀበል መቀጠያ ግዙ።

ሦስተኛውን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሃብ ግን ግድግዳ ላይ የተሰካ ስለሆነ ይሞታል። ካሜራውም አብሮ ይጠፋል። ሃቡን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ ሰኩት። ደግሞ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ኃይል ቁጠባ ውስጥ ይገባና የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን ሊያስተኛ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ክፈቱ። ዩኤስቢ ሩት ሃብ የሚለው ላይ ፓወር ማኔጅመንት ግቡና ኮምፒውተሩ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ፓወር ኦፕሽን ውስጥም የዩኤስቢ ማስተኛውን ለባትሪም ለሶኬትም ዝጉት። የካሜራውን ራስ ሰር መጥፊያም አትርሱ፤ እሱ አንድ ደቂቃ ላይ ከሆነ ቡና ቀርቦ ስትመለሱ ካሜራው ተኝቷል።

እስኪስተካከል ድረስ ፎቶው ካርዱም ላይ እንዲቀመጥ አድርጉ። ኢኦኤስ ዩቲሊቲ ውስጥ ምርጫው አለ። የሰው ሠርግ ነው፣ አይደገምም።

ፎቶው ይመጣል፣ ግን ይንቀራፈፋል

ከሰንሰለቱ አንዷ ዩኤስቢ 2.0 ከሆነች ሁሉም በሷ ፍጥነት ይሄዳል። ከ5 ጊጋቢት ወደ 480 ሜጋቢት ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ግን እኔን ብትጠይቁኝ ለስቱዲዮ ፖርትሬት ይበቃል። አንድ ሮው ፎቶ (ያልተቀነባበረው ትልቁ ፋይል) በአንድ ሁለት ሰከንድ ይደርሳል። ዝግ ብሎ የማይቋረጥ፣ ፈጥኖ ከሚቋረጠው በብዙ ይሻላል። ሰፊው የማይክሮ ዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ ያለው ካሜራ ካላችሁ ተራው ማይክሮ ዩኤስቢ በትልቁ ወገን ይገባል። እኔ 3.0ው ሲያስቸግረኝ ሆን ብዬ እንደዚያ አደርጋለሁ።

ገመዱ ሲነካ ይጠፋል

የካሜራው መሰኪያ ላልቷል ወይም ሊላላ ነው። ይሄን ቶሎ ያዙት፤ መሰኪያው ከተነቀለ እውነተኛ ጥገና ነው። ገመዱ ካሜራው ጋ ትንሽ ጎብጦ እንዲቀር አድርጋችሁ በትሪፖዱ ወይም በማንጠልጠያው ቀለበት ላይ እሰሩት። ሰው ሲያደናቅፈው የሚጎተተው ማሰሪያው ይሁን። ወለሉ ላይ ያለውን በፕላስተር ለጥፉት።

ከ10 ሜትር በላይ ሲያስፈልግ

እዚህ ላይ መቀጠያ መደራረቡን ተዉት። ዩኤስቢን በኔትወርክ ገመድ የሚያሳልፉ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አንዱ ላፕቶፑ ጋ፣ ሌላው ካሜራው ጋ ይሆናል፤ መሃላቸው ካት 6 ገመድ ይዘረጋል። ለዩኤስቢ 2.0 የተሠሩት ብዙዎቹ እስከ 50 ሜትር ይሄዳሉ። ገመዱን ከሳጥን ወደ ሳጥን በቀጥታ ሰኩት እንጂ በዋይፋይ ራውተር አታሳልፉት። ካሜራው ጋ ያለው ሳጥን የኃይል መሰኪያ ከሌለው አትግዙ፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ከተራ መቀጠያ አይለይም። ሐይቅ ዳር ስንሠራ፣ ፀሐዩ ስክሪን ስለማያሳይ ላፕቶፑ መኪና ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ያን ሳጥን በፓወር ባንክ አስነስቼ ከመኪናው እስከ ውሃው ዳር አደርሰዋለሁ። ፓወር ባንኩ ግን የሚወጣው ኃይል ትንሽ ነው ብሎ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት እንዳይሆን ቤት ሞክሩት።