ጣት ይሮጣል፣ ሙዚቃው የለም፦ የጃዝ ጊታር ችግርና መፍትሄ

ጊታር መቃኘት፣ የዛገ ክር መቀየርና የአምፕ ገመድ መፈተሽ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ጊታር ሳስተምር ከአዘዞም ከማራኪም የሚመጡ ልጆች ይዘውልኝ የሚመጡት ስሞታ አንድ ነው፦ «ፍጥነት ይጎድለኛል።» አስጫውቼ ስሰማ የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ትንንሾቹን ችግሮች እንጨርስና ወደ እሱ እንመጣለን።

ሲፈጥኑ ኖታ የሚዋጥ ከሆነ፦ ከጣታችሁ በፊት ጊታሩን ጠርጥሩ። 12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። አንዱ ይዞልኝ የመጣው ጊታር እርሳስ ያሳልፍ ነበር፤ በዚያ ላይ ስድስት ወር ሙሉ ራሱን ሰነፍ እያለ ሲሳደብ ከርሟል። ውፍረቱ ያልተጻፈበት ክርም አትግዙ፤ ርካሽ ነው ተብሎ የሚሸጠው ያ ክር ከሳምንት በኋላ አይቃኝም። ማስጠንቀቂያ፦ አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት በፒንሳ አትንኩ። ልኩ የሆነ ቁልፍ ከሌላችሁ ተዉት። የብሎኑን ጥርስ ፈጭቶ «አስተካክልልኝ» ያለኝን ልጅ ምን ብዬ እንደሸኘሁት አልጽፍም።

ግራና ቀኝ እጅ ካልተገናኙ፦ ፒኩ (ክር መምቻው) ከክሩ ርቆ እየሄደ ነው። ጉዞውን አሳጥሩት፣ ቴምፖውን (በደቂቃ የሚመታውን ምት ብዛት) በግማሽ ቀንሱ።

ስዊንጉ (አንዱን ምት ረጅምና አጭር አድርጎ የሚከፍለው የጃዝ አካሄድ) ሲፈጥን የሚንገዳገድ ከሆነ፦ በዝግታ የለመዳችሁትን «ረጅም አጭር» በ240 ላይም ይዛችሁት እየሮጣችሁ ነው። ቴምፖ ሲጨምር አንዱን ምት የሚከፍሉት ሁለቱ ኖታዎች ወደ እኩልነት ይጠጋሉ። ልዩነቱን የሚሸከመው አክሰንቱ፣ ማለትም ጠንከር ተደርጎ የሚመታው ኖታ ነው።

ክንድ ወይም የእጅ አንጓ ካመመ፦ አቁሙ። «ትንሽ ነው» የሚባል ህመም የለም። አቁሙ ብያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ኖታው ትክክል ነው፣ ኮርዱ አልተሳተም፣ ፍጥነቱም ያስቀናል፤ ሰሚው ግን ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀምሯል።

እንዲህ መርምሩት። 12 ባር ብሉዝ በ120 ቴምፖ አንድ ዙር ተጫወቱና በስልክ ቅዱት። አንዱ ባር አራት ምት ስለሆነ 48 ምት ነው፤ 24 ሰከንድ ይፈጃል። በየምቱ ሁለት ኖታ ሳታቋርጡ ከሄዳችሁ 96 ኖታ ይሆናል። ቅጂውን ማታ ሳይሆን በማግስቱ ስሙት፣ ዝም ያላችሁባቸውንም ቦታዎች ቁጠሩ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቆጥረው የሚነግሩኝ ቁጥር ዜሮ ነው። 96 ኖታ፣ አንድም ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር።

ምክንያቱ መሣሪያው ራሱ ነው። ሳክስፎንና ትራምፔት የሚነፋ ሰው ወደደም ጠላም ይተነፍሳል፤ ሀረጉ ትንፋሹ ሲያልቅ ያልቃል። ጊታር እንዲህ ያለ ልጓም የለውም፣ ክንድ እስኪዝል ይሄዳል። ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1939 ከክላሪኔት ነፊው ቤኒ ጉድማን ባንድ ጋር ሲገባ የኤሌክትሪክ ጊታር ሶሎን ዛሬ ወደምናውቀው መንገድ ያስገባው እንደ ነፊዎቹ ሀረግ እየሠራ በመጫወቱ ነው። የኛ ልጆች ኖታዎቹን ከቪዲዮ ይገለብጣሉ፤ ትንፋሹን አይገለብጡም።

ትንፋሽ ስል በምሳሌ የምናገር አይምሰላችሁ። አንድ የአዘዞ ልጅ ነበረኝ፣ እጁ እሳት ነው። ሶሎ ሲጀምር ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ መንጋጋው ይነከሳል፣ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ይገተራል። ለሦስት ሳምንት ጣቱን ብቻ አይ ነበር። አንድ ቀን ጣቱን ትቼ ፊቱን ሳይ ነው የገባኝ፦ ከመጀመሪያው ባር እስከ አስራ ሁለተኛው አንድ ጊዜ እንኳ አይተነፍስም። ሲጨርስ «ኡፍ!» ይላል፣ ዋና ላይ ጠልቆ እንደወጣ ሰው።

እኔም ከዚህ በሽታ አላመለጥኩም። አንድ ምሽት ሆቴል ውስጥ ትዝታ ላይ ያለ የሌለ ኖታዬን አፈሰስኩት። ጭብጨባው የይሉኝታ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ባለማሲንቆ ገባ፤ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው። እስክስታው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ከእኔ የባሰ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የፍጥነት አይደለም። ግን ቤት በመታ ቁጥር ደጋኑን ያሳርፋል። ታዳሚው በዚያች ክፍተት «እሰይ!» ይላል፣ አንዱ ተነስቶ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኝ ይሰጣል። እኔ ስጫወት ሰው እሰይ የሚልበት ቦታ አልነበረም።

መፍትሄው ከዚያ ይጀምራል። 12 ባር ብሉዝ ሦስት መስመር ነው፣ እያንዳንዱ አራት ባር። ድሮም ዘፋኙ የመስመሩን መጀመሪያ ይዘፍናል፣ መሣሪያው በቀሪው ይመልሳል፤ ከአዝማሪ ቤት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሁለት ባር ተጫወቱ፣ ሁለት ባር ዝም በሉ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርጉና ምቱን ሁለተኛና አራተኛ ብላችሁ ቁጠሩት፣ ሙዚቃው ያው 120 ይሆናል፤ ዝም ስትሉም ምቱ እንዳይጠፋችሁ ይረዳል። የምትጫወቱትን በድምፅ አዚሙት። ማዜም ያቃታችሁን ሀረግ ጣታችሁ እንዲጫወተው አትፍቀዱ። ይህን ለአንድ ወር፣ በየቀኑ። «ገባኝ» ብሎ በሦስተኛው ቀን የሚተው አለ፤ አልገባውም።

ቀጥሎ ማረፊያ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ዶ ላይ ስታርፉበት ትዝታ ሜጀር ነው። እነዚያኑ አምስት ኖታዎች ላ ላይ ብታሳርፏቸው ብሉዝ የሚጫወቱበት ማይነር ፔንታቶኒክ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ፍሬቱ ላይ ቅርጹ አንድ ስለሆነ የሚሮጥ ጣት ያገኘው ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ሰሚውም ትዝታ ይሁን ብሉዝ ሳይለይ ሶሎው ያልቃል። ከመጀመራችሁ በፊት የምታርፉበትን ኖታ ምረጡ፣ እዚያ ስትደርሱ አስረዝሙት።

ፍጥነትን እርም በሉ እያልኩ አይደለም። ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1928 ቃጠሎ ግራ እጁን ጎድቶት ሶሎውን በዋናነት በሁለት ጣት እየተጫወተ ዛሬም የሚደርስበት ጥቂት ነው። ዌስ ሞንጎመሪ በአውራ ጣቱ፣ ያለ ፒክ፣ ሶሎውን በነጠላ ኖታ ጀምሮ ወደ ኦክታቭ (አንዱን ኖታ ከላይና ከታች አብሮ መምታት)፣ ከዚያ ወደ ኮርድ ያሳድገው ነበር። ጂም ሆል ደግሞ በጥቂት ኖታ ነው የታወቀው። ሦስቱም ሀረጋቸውን ይጨርሳሉ።

ሁሉም ኖታ እኩል የሚጮህ ከሆነ ደግሞ የአምፑን ጌይን ቀንሱ፣ ከባዱንና ቀላሉን ምት የሚያስተካክለውን ኮምፕረሰር ንቀሉ። መብራት ሲጠፋ ልምምድ አታቋርጡ፤ ያለ አምፕ ከባዱና ቀላሉ ምት ወዲያው ይለያል።

ሁለቱን ባር ዝም ማለት ያቃተው ሰው ፒኩን በከንፈሩ ይያዝ። ከንፈር ብያለሁ። የአዘዞው ልጅ ፒኮች በሙሉ የጥርስ ምልክት አለባቸው።