ረጅም የሕክምና ቃል አፍ ላይ ሲጠላለፍ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሕክምና በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪው ቃሉን ጽፎ ማለፍ አያቅተውም። ጣጣው ሲናገረው ነው።

ፊደሉ ሁሉ ተነቧል፣ ሰሚው ግን አልገባውም

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ድምፁ የበረታበት ቦታ ነው። አማርኛ ለክፍለ ቃሎቹ ከሞላ ጎደል እኩል ጉልበት ይሰጣል፤ እንግሊዝኛ አንዱን አንስቶ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። የሚነሳው ደግሞ ባለበት አይረጋም፦ «ፎቶግራፍ» «ፎ» ላይ፣ «ፎቶግራፊ» «ቶ» ላይ፣ «ፎቶግራፊክ» «ግራ» ላይ ይበረታል።

መፍትሄው ቃሉን ከጭራው መያዝ ነው። በ«ሎጂ»፣ በ«ግራፊ»፣ በ«ስኮፒ» ወይም በ«ክቶሚ» ካለቀ፣ ከኋላ ቆጥራችሁ ሦስተኛው ክፍለ ቃል ላይ በርቱ፦ ካር-ዲ-ኦ-ሎ-ጂ «ኦ» ላይ፣ አ-ፔን-ዴክ-ቶ-ሚ «ዴክ» ላይ። በ«ሽን»፣ በ«ኢክ» ወይም በ«አይቲስ» ካለቀ ጉልበቱ ከመጨረሻው ቀድሞ ያለው ላይ ነው፦ ሄ-ፓ-ታይ-ቲስ «ታይ»፣ ዳ-ያግ-ኖስ-ቲክ «ኖስ»። መጀመሪያው ላይ የሚበረታው «አራቢክ»ን የመሰለ አፈንጋጭ አይጠፋም፤ ቢሆንም ደንቡ ብዙ ያስኬዳል።

መሃል ላይ ትንፋሽ ያልቃል

ከፊት ጀምሮ መንደርደር ያመጣው ነው። ኤሌክትሮኢንሴፋሎግራፊን ከኋላ ገንቡት፦ ግራፊ፣ ሎግራፊ፣ ፋሎግራፊ፣ ሴፋሎግራፊ፣ ኢንሴፋሎግራፊ፤ «ኤሌክትሮ»ን መጨረሻ ላይ ቀጥሉበት። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ «ሎ» ትበረታለች። ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ኢኢጂ» ብለው መገላገላቸው አለምክንያት አይደለም።

ቃሉ ከልኩ ይረዝማል

«ስክሌሮሲስ» «እስክሌሮሲስ» የሚሆነው አማርኛ ተነባቢ ደራርቦ ቃል መጀመር ስለማይወድ ነው። «ስ»ን እንደ እባብ ፉጨት ጎትቱና ሳታቋርጡ ወደ «ክ» እለፉ፤ «እ» መግቢያ ታጣለች።

ሌላው ማርዘሚያ ማጥበቅ ነው። እኛ ዘንድ «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ፊደል ተደግሞ ቢጻፍም ድምፁ አይጠብቅም። የ«አፔንዲሳይቲስ»ን «ፔ» አላሉት። የ«ኒሞኒያ» መነሻ ላይ የተጻፈችው «ፒ» ደግሞ ጭራሽ አትነበብም።

መዝገበ ቃላቱ እንደከፋፈለው ተነቦም አልተስተካከለም

በዋናው ቃል መሃል የሚገቡት ነጥቦች በብዙ መዝገበ ቃላት የሚያሳዩት ቃሉ መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ የት እንደሚቆረጥ ነው፤ የአነጋገር ክፍፍል ከዚህ ሊለይ ይችላል። ጎኑ ያለውን የአነባበብ ጽሑፍ ተመልከቱ። እዚያ ከላይ በኩል የቆመችው ትንሽ ጭረት የምትቀድመው የሚበረታውን ክፍለ ቃል ነው፤ ከታች በኩል ያለችው ግማሽ ጉልበት ትጠይቃለች።