የጀልባችሁ ሞተር ክፍል ውኃ ሲቋጥር

በሐዋሳ ሐይቅ ሞተሩ ከውስጥ የተገጠመለት ጀልባ የምታንቀሳቅሱ ሁሉ፣ በሞተሩ ክፍል ወለል ላይ ውኃ ስታገኙ ቱቦ ለመቀየር ከመቸኮላችሁ በፊት ክፍሉን በጨርቅ አድርቁና በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፉ። የባሕር ውኃ ሲደርቅ ነጭ የጨው መስመር ስለሚተው የመጣበትን መንገድ ራሱ ይናገራል፤ የእኛ ሐይቅ ግን እንዲህ ያለ ውለታ አይውልም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሶፍቱ ከራሰ፣ ጥርጣሬው በጀልባው አካል ወይም የፕሮፔለሩ ዘንግ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከራሰ ግን በቅድሚያ የማቀዝቀዣውን ውኃ ፓምፕ፣ በተለይም ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በባትሪ ተመልከቱ፤ ከእርሷ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ የፓምፑ የውስጥ ማሸጊያ አልቋል ማለት ነው። ስታዩም እጃችሁንና የለበሳችሁትን ጋቢ ከሚሽከረከረው የሞተሩ ቺንጋ (ቀበቶ) አርቁ።